ሃያ ሐይቅ ላኪልኝ

ሜልቦርን፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጡሪ፣ ሞያሌ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ወተት የሚያመጡልሽ የኡራንና የቦሪ መንደር ሴቶች፣ ግመሎቻቸው ሳይቀሩ ደህና ይሁኑ። እኛ እዚህ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ የሞያሌን ጥር ያስንቃል።

ጡሪ፣ ይኸው ከገና በፊት ጀምሮ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ስልኩ ይጠራል፣ አታነሺም። ትንሽ ቆይቶ «ኔትወርክ የለም አቡያ» የሚል አጭር ጽሑፍ ይመጣል። ልጄ፣ ኔትወርክ ከሌለ ጽሑፉ በምን መጣ? ደግሞ የልጅ ልጆቼ አሳይተውኛል፤ ስልኩ ላይ መኖርሽን የሚናገር ምልክት አለ። የላክሁልሽን እንደምታነቢው አያለሁ፣ ስደውል ግን ዝም ነው።

እዚያው ሞያሌ ሱቅ እንደነበረኝ ታውቂያለሽ። ያኔ ኢሲዮሎ ላለው ደንበኛዬ መልእክት የምልከው በጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ብጣሽ ወረቀት ጽፌ ኪሱ ውስጥ እከትለታለሁ። ሹፌሩ ማርሳቢት ያድራል፣ መኪናው መንገድ ላይ ይሰበርበታል፣ ወዳጅ ያገኝና ይውላል። አንድ ጊዜ የአንዱ ሚስት ሸሚዙን ከነወረቀቴ አጥባው፣ እኔ ስኳር ይመጣል ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ የበዓል ገበያ አመለጠኝ። ቢሆንም አልተከፋሁም፤ ዝምታው የመንገዱ እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። ታዲያ የአንቺን ዝምታ የማን ልበለው?

ባለፈው ዓመት የወተቱ ንግድ ያደክምሻል፣ ተይው ብዬሽ ነበር። እሱ አስቀይሞሽ ከሆነ ንገሪኝ። የቸገረሽም ነገር ካለ ንገሪኝ፣ እልካለሁ። ብቻ ድምፅሽን አሰሚኝ።

ውሎሽም አዳርሽም የሰላም ይሁን።

የእናትሽ ወንድም፣ አቡያሽ ሊበን


ሞያሌ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ለአቡያ ሊበን፤

በጎ ነገር ሁሉ በደጅዎ ሳያልፍ ገብቶ ይቀመጥልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እየጻፍኩ ስሰርዝ ነው የሰነበትኩት።

አቡያ፣ አልተቀየምኩዎትም። ስልኩን የማላነሳው ስለማልሰማ ነው።

ኅዳር ላይ ታምሜ ነበር። ራስ ምታት ነው ብለን ንቀን ተውነው፤ ኋላ ማጅራት ገትር ሆኖ ተገኘ። ሐኪም ቤት ተኛሁ፤ ብዙውን አላስታውሰውም። ስነቃ ጎረቤቴ ፎዚያ አጠገቤ ተቀምጣ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ ግን የለም። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ተቆጣኋት። ለካ ክፍሉን የሞላው ሰው ሁሉ ሲያወራ ነበር። ሐኪሞቹ የጆሮዬ ነርቭ እንደተጎዳ፣ የሚደረግ መሣሪያም ብዙ እንደማይረዳኝ በወረቀት ጻፉልኝ። ለእርስዎ እንዳይነግሩ ሁሉንም ያስማልኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ርቀት ላይ ሆነው ከመጨነቅ ሌላ ምን ያደርጋሉ ብዬ ነው።

አሁን ደህና ነኝ፤ ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ከቤቴ ጀርባ ያለው ወፍጮ አይረብሸኝም። የጭነት መኪና ጥሩምባ ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም። የፎዚያ አማት ስትመጣ ጎኗ እቀመጣለሁ፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። በዚህ ከተማ እንደ ጡሪ ያለ ጥሩ አድማጭ የለም ትላለች አሉ።

የከበደኝ ንግዱ ነው። ሥራዬ ሁሉ በስልክ ነበር። ወተቱን በሞተር ብስክሌት ሰብስቦ የሚያመጣልኝ አዳን የሚባል ሰው አለ፤ ኡራን ኔትወርክ ስለማይገኝ ጠዋት ጠዋት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል። እኔ ደግሞ ናይሮቢ ለጄን እደውላለሁ፤ ጄን ወተቱን ከአውቶቡስ ተቀብላ ለምግብ ቤቶች የምታከፋፍል ደንበኛዬ ናት። ከታመምኩ በኋላ ፎዚያ ስልኬን ታነሳልኝ ጀመር። አጠገቧ ሆኜ አያታለሁ። ስታወራ ትስቃለች፣ ታዝናለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፤ ሲያልቅ «ጥሩ ነው» ለማለት አውራ ጣቷን ታሳየኛለች። ያ ሁሉ ወሬ አንድ አውራ ጣት ሆኖ ይደርሰኛል። አንድ ጊዜ ጄን ሐሙስ ያለችውን ፎዚያ ማክሰኞ ብላ ሰማችና ወተቱ ናይሮቢ ደርሶ ተቀባይ አጥቶ ረጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ንግዱን ለፎዚያ አስረክበሽ ዕረፊ ይለኛል። ፎዚያ ራሷ ግን አንድም ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ጄን መታመሜን እንጂ አለመስማቴን አታውቅም።

ገንዘብ አይላኩልኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመደወል ፈንታ ይጻፉልኝ። ረጅም ረጅም አድርገው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ጡሪ


ሜልቦርን፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጡሪ፤

አንቺን ያተረፈልን ፈጣሪ ስሙ ይባረክ፣ የቀረውን ዕድሜሽን ያለምልመው።

ደብዳቤሽን የምሠራበት ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አለቃዬ ወጥቶ ምን ሆነህ ታለቅሳለህ አለኝ። ሽንኩርት ነው አልኩት። እኛ ዳቦ ቤት ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም። እያለቀስኩ ደግሞ የፎዚያ አማት ነገር ትዝ ሲለኝ ሳቅሁ፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ ውስጥ ተመለሰ።

አሁን እንደ አጎት ሳይሆን እንደ ነጋዴ ልናገርሽ። ንግድ ማለት ድምፅ ነው። ስልክ ወደ ሞያሌ ሲመጣ ሁላችንም ተራ ይዘን እየደወልን የተማርነው እሱን ነው። እኔ የሰውን ልብ የማውቀው «ሃሎ» ሲለኝ ነበር። የሚዋሽ ሰው ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ትንሽ ይተነፍሳል። ይህን የማትሰሚ ከሆነ በምን ትለዪዋለሽ? ዕረፊ ልጄ። ንግዱን ለፎዚያ ስጪያት፣ ለቤትሽ የሚያስፈልገውን እኔ እልካለሁ። እዚህ አዲስ ዓይነት የጆሮ መሣሪያ አለ ይላሉ፤ እሱንም እጠይቃለሁ።

የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ይህች ደብዳቤ ከሙሉ ቀን ሥራ ይልቅ አድክማኛለች፤ ግን እጽፋለሁ።

አቡያሽ ሊበን


ሞያሌ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቡያ ሊበን፤

ቤትዎ ዝናብ የጠገበ መስክ ይምሰል። እኛ ጋ ዘንቧል፤ ግመሎቹ ወተት በወተት ሆነዋል።

ከዚያ ወዲህ የላኳቸው መልእክቶች ሁሉ ደርሰውኛል። «ምነው ጠፋሽ?» ያሉኝንም አንብቤያለሁ። የዘገየሁት ምክርዎ አስቀይሞኝ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይህን ቃል መልሼ ስጽፈው እንዴት ደስ እንደሚለኝ ባወቁልኝ።

ዕረፊ ያሉኝን ሰምቼ ንግዱንም ስልኬንም ለፎዚያ ሰጥቼ በእርግጥም አርፌ ነበር። ግድግዳ ሳይ ሰነበትኩ። አንድ ቀን አዳን ወተቱን ፎዚያ ቤት አራግፎ ወደ እኔ መጣ። ሊያነጋግረኝ ፈልጎ እንዴት እንደሚያደርግ ጠፍቶታል። አዳን ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት ነው፣ ግን ፊደል አልቆጠረም፤ የኡራን ሴቶችም እንደዚያው ናቸው። «በጽሑፍ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ያላዋጣን ለዚህ ነበር። ታዲያ ስልኩን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

ቪዲዮ ነው። ኡራን ጉድጓዱ ዳር ሴቶቹ ተሰልፈዋል፣ ጀሪካኖቻቸው ከፊታቸው ናቸው። አንዷ ክዳኑን ትከፍታለች፣ በብርጭቆ ትቀዳለች፣ ወደ ብርሃን ከፍ ታደርገዋለች፣ አዘንብላ አወራረዱን ታሳየኛለች፤ ከዚያ ስንት ጀሪካን እንደሆነ በጣቷ። ቀጥላ ሁለተኛዋ። መጨረሻ ላይ ያለችው አሮጊት ቀድታ ራሷ ጠጣችው። ከንፈሯን ጠርጋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ አየች። ናፍቄያታለሁ። ያለ አንድ ቃል ሁሉም ገባኝ።

አዳንን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅሁት፤ እኔ እንደሆነ አንደበቴ ደህና ነው። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ፣ ከዚያ ወደ በሩ።

ወዲያው ፎዚያ ዘንድ ሄጄ ስልኬን መልሺልኝ አልኳት። ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝና አቀፈችኝ። ከዚያ ሥራውን ተካፈልን። እሷ ወተቱን ታጣራለች፣ ፍሪዘር ውስጥ ታቀዘቅዛለች፣ አውቶቡስ ላይ ታስጭናለች፤ መልእክቱ የእኔ ነው። ስልኩን መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ እዞራለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ሆዴ ይነግረኛል። አዳን ኡራንና ቦሪ የቀረጸውን ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይልክልኛል። ማን ውኃ እንደቀላቀለች ከብርጭቆው ላይ አየዋለሁ። ድሮ በስልክ «ወተቱ እንዴት ነው?» ስል ሁሉም ባማረ ድምፅ «ጥሩ ነው» ይሉኝ ነበር፣ አቡያ። አሁን ቀላቃይ የለም።

ቪዲዮውን ለጄን አሳልፌ እልክላታለሁ፤ እሷም ለምግብ ቤቶቹ ታሳያለች። ስትመልስልኝ ትጽፋለች፤ መኪና እየነዳች ከሆነ ግን በድምፅ ነው የምትልከው። ያን ጊዜ ስልኬ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይለውጥና ስዋሂሊውን ወደ አማርኛ ይተረጉምልኛል፤ ስዋሂሊ አወራለሁ እንጂ ንባቡ ላይ ደካማ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ባለፈው አርብ እንዲህ የሚል መጣልኝ፦

«ውድ እህቴ፣ ሃያ ሐይቅ ላኪልኝ። ሐይቆቹ ቀዝቃዛ ይሁኑ። ያለፈው ሐይቅ ትንሽ ኮምጥጦ ነበር።»

ደነገጥኩ። ጄን ታመመች ብዬ ለፎዚያ አሳየኋት። ፎዚያ አንብባ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ጄን ሞታ እኔ ብቻ ያልሰማሁ መስሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ሲበርድላት ጻፈችልኝ፤ «ማዚዋ» በስዋሂሊ ወተትም ነው፣ ሐይቅም ነው፤ ስልኩ ሐይቁን መርጦልናል። ያን ቀን ሃያ ሐይቅ በጀሪካን አሽገን ናይሮቢ ላክን።

አሁን የምጠይቅዎ ምክር አለ። ጄን ለሆቴሎች የሚያከፋፍል ድርጅት አግኝታለች። ከተስማሙ የቦሪ ሴቶች በሙሉ ገበያ ያገኛሉ፤ ካልሆነ በዚህ ዝናብ የታለበው ወተት ግማሹ የሚሸጥበት የለውም። ሰዎቹ ግን የንግዱን ባለቤት በቪዲዮ ካላነጋገርን ብለዋል። ጄን አሁንም አለመስማቴን አታውቅም፤ የማልደውለው ሥራ ስለበዛብኝ ይመስላታል። እውነቱን ልናገር ወይስ ፎዚያ «ጡሪ ነኝ» ብላ ትቅረብልኝ?

ስለ ጆሮ መሣሪያው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይተውት፤ ሐኪሞቹን አምኛቸዋለሁ።

ልጅዎ ጡሪ


ሜልቦርን፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጡሪ፤

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ሐይቁን ሳነብ ምድጃው ላይ የነበረ ዳቦ አረረብኝ። አለቃዬ ስለ ሽንኩርት ይሆናል ብሎ አለፈኝ።

ስለ ድምፅ ከጻፍኩልሽ ግማሹን መልሼ ወስጃለሁ። ያቺን አሮጊት በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ በስልክ ብትነግርሽ ኖሮ እንዲህ አትነግርሽም ነበር።

ለጠየቅሽኝ ግን ፎዚያ ትቅረብልሽ ነው የምልሽ። ውሸት አስተማርኩሽ አትበዪኝ። ትልቅ ድርጅት የማያውቀውን ሰው ለመተው ሰበብ ነው የሚፈልገው፤ ሰበቡን በገዛ እጅሽ አትስጫቸው። ውሉ ይፈረም፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ስንቱ ሰው ተስፋ አድርጎሻል።

የሆነውን ቶሎ ጻፊልኝ። እንቅልፍ አልያዘኝም።

አቡያሽ ሊበን


ሞያሌ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቡያ ሊበን፤

ሰላምዎ ይብዛ፣ እንቅልፍዎም ይመለስልዎ። ምክርዎን ብዙ አሰብኩበት፤ አልተከተልኩትም። ፎዚያ «ጡሪ ነኝ» ማለትን ስትለማመድ መስማት ባልችልም ማየት እችላለሁ፤ ከንፈሯ ላይ ስሜን ሳየው ሆዴ እሺ አላለኝም።

በቀጠሮው ቀን ፎዚያ ሱቅ ገብተን ስልኩን ጀሪካን ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ጄን ከሁለት ሰዎች ጋር ታየች፤ የድርጅቱ ኃላፊ ብራያን ይባላል። ማንም ሳይጀምር እኔ በስዋሂሊ ጀመርኩ።

«ጡሪ ነኝ፣ የንግዱ ባለቤት። ከታመምኩ ወዲህ ጆሮዬ አይሰማም። የምትሉኝን ጻፉልኝ፣ እኔ እመልሳለሁ።»

ጄን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብራያን ዓይኑን ወደ ፎዚያ አዙሮ እሷን ያነጋግር ጀመር። እኔን እንደ ሱቁ ዕቃ አለፈኝ። እዚያ ላይ ያደረገችውን ለፎዚያ መቼም አልረሳላትም። ስልኩን እኔ ብቻ እንድታይ አድርጋ ወደ እኔ አዞረችው፣ ከዚያ ተነሥታ ስኳር ልትመዝን ወደ ደንበኞቿ ሄደች። ብራያን ከእኔ በቀር የሚያነጋግረው ሰው አጣ።

ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ጆሮውን መጠቆም ጀመረ። ጓደኛው ኮምፒውተሩን ይደበድባል። ጄን «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትል ከንፈሯን አነበብኩ። ፎዚያን ጠርቼ ምንድን ነው አልኳት። ድምፁ ተቋርጧል፤ የእነሱም አይመጣም፣ የእኛም አይሄድም፣ ምስሉ ብቻ ነው ያለው። ሦስቱም እንዳዲስ ተማሪ ተደናገጡ። እኔ ግን ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ካርቶን ቀደድኩ፤ «እንቀጥል» ብዬ በስዋሂሊ በትልቁ ጽፌ አሳየኋቸው። የዕለቱን ወተት ቀድቼ ወደ ብርሃን ያዝኩላቸው፣ አወራረዱን አሳየኋቸው። ብራያን ወረቀት ላይ አውቶቡስ ሣለ፤ መጥፎ ሥዕል ነው፣ ጎማ ያለው ድንጋይ ይመስላል። በየትኛው ቀን ማለቱ ነበር፤ መለስኩለት። ፍሪዘሩ ምን ያህል ይይዛል ሲል እጁን ዘረጋ፤ ስልኩን ይዤ ፍሪዘሩን ከፍቼ አሳየሁት። በጣት ተደራደርን። አንዴ ዋጋውን ዝቅ ሲያደርግብኝ ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ሳቀ፤ ሲስቅ ሌላ ሰው ነው። ፎዚያ ደንበኞቿን እንደምንም ሸኝታ መጣች፤ ትከሻዬን ነካችኝና ጻፈችልኝ። ድምፁ ከተመለሰ ቆይቷል። የመንገዱን ጥሩምባ ሁሉ እየሰሙ ነው። ማንም ልብ አላለውም፤ ሁላችንም በእጃችን እያወራን ነበር።

ከዚያ በኋላ ጄን አንድ መስመር ጻፈች፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው አልኳት። መልሷ ያን ዕለት አልመጣም፣ በማግስቱም አልመጣም። ብራያን ተስማምቶ ጄን ራሷ የተቀየመችኝ መስሎኝ ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። በሌላው ቀን ጠዋት ፎዚያ እጄን ይዛ አውቶቡስ ማቆሚያ ወሰደችኝ። ጄን ወረደች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። አቀፈችኝ፤ ትከሻዬ እስኪረጥብ ድረስ። በኋላ ስትጽፍልኝ፣ ያን ያህል ጊዜ ድምፄን ናፍቃ ልትቆጣኝ እያሰበች እንደነበር፣ እኔ ግን ብቻዬን ምን እንደተሸከምኩ አውቶቡስ ላይ ስታስብ መንገዱ እንዳለቀ ነገረችኝ።

ቦሪ ድረስ በሞተር ወሰድናት። ድርጅቱ ትእዛዙን ሰጥቷል። ሴቶቹ ሲሰሙ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው መቱ፣ ዘፈኑ። እኔ ጀሪካኑ ላይ መዳፌን አኑሬ ነበር። ምቱ እስከ ክርኔ ድረስ መጣ። ጨፈርኩ፣ አቡያ። ሳልስት።

ልጅዎ ጡሪ


ሜልቦርን፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጡሪ፤

መጪው ዓመት እንደ ልብሽ ሰፊ ይሁንልሽ።

ስለ ድምፅ ካልኩሽ የቀረውን ግማሽም መልሼ ወስጃለሁ። ምክሬን ብትሰሚኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ነው፤ ብቻ እንኳን አልሰማሽኝ። አዳን የቀረጸውን የቦሪን ጭፈራ ለዳቦ ቤቱ ሰዎች አሳየኋቸው። አለቃዬ መልሰህ አሳየኝ እያለ ሥራ አስፈታን።

የዘገየሁት የአውሮፕላን ትኬት ሳገላብጥ ነው። ከሞያሌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስልክ አለ፣ ምን ያስሄደኛል እያልኩ። አሁን ገዝቻለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ናይሮቢ እገባለሁ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ፀጉሬ አልቋል፣ ጎብጫለሁ፤ ከተማውም ተለውጧል አሉ። አውቶቡሱ ሲደርስ እንዴት እንገናኛለን? ለማን ልደውል?

አቡያሽ ሊበን


ሞያሌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቡያ ሊበን፤

መንገድዎ ይቅና፣ እግርዎን እንቅፋት አይንካው። ፎዚያ አልጋዎን አንጥፋለች። የኡራን ሴቶች የእርስዎን ወተት ለብቻ ለይተዋል፤ አዳን ደግሞ ሞተሩን አጥቧል፣ ይህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው።

ለማንም አይደውሉ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ በሩ ላይ ቆም ብለው እጅዎን ከፍ ያድርጉ። አይዎታለሁ።

ልጅዎ ጡሪ